«ስንት ሜትር ነው የወረድሽው?» ለምትሉ ሁሉ

ሰሞኑን ኮሎራዶ የምትኖር አንዲት የድሮ ተማሪዬ ጉልበቷ ታስሮ፣ ክራንች ይዛ ፎቶ ለጠፈች። ጓደኞቿ «ስኪ እናስተምርሽ» ብለው ወስደዋት፣ በመጀመሪያ ቀኗ ከተራራው ጫፍ አስጀመሯት። ከጉዳቷ በላይ ያናደደኝ ግን ኮሜንቱ ነው። «ስንት ሜትር ነው?» «ድሮፑ ከሺህ ሜትር በላይ ነው!» «አንበሳ ነሽ!» ኧረ ጎበዝ! ልጅቷ እኮ ተጎድታለች!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም። ተዳፋት ማስላት ግን ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። «ቲቸር፣ ይሄ ለምን ይጠቅመናል?» ትሉኝ አልነበር? በሉ መልሱ ዛሬ መጣ።

ድሮፕ የምትሉት ነገር ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያለው የከፍታ ልዩነት ነው። በቃ። የመንገዱን ርዝመት አይነግራችሁም። ርዝመቱን ካላወቃችሁ ደግሞ ምን ያህል ቀጥ ያለ ቁልቁለት እንደሆነ አታውቁም። 300 ሜትር የሚወርድ መንገድ ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር ከሆነ በአማካይ 17 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል፤ ጀማሪን ይዞት ይሄዳል። ያው 300 ሜትር በ4 ኪሎ ሜትር ከተዘረጋ ግን 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ ቦታ በዘንግ እየገፋችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ቁጥሩ አንድ፣ ነገሩ ሰማይና ምድር።

አልገባኝም የሚል ካለ የዓባይን በረሃ ያስታውስ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምንወርደው፤ እማማ ግን አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። ለምን? መንገዱ እየተጠማዘዘ ስለረዘመ ነው።

አሁን ወደ በረዶው እንመለስ። ስዊዘርላንድ ቬንገን ያለው የላውበርሆርን ውድድር 1,028 ሜትር ይወርዳል፤ ርዝመቱ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኦስትሪያ ኪትስቢኧል ያለው ሽትራይፍ 860 ሜትር ብቻ ነው የሚወርደው፣ በ3.3 ኪሎ ሜትር። በድሮፕ ብቻ ከሄድን ቬንገን ማስፈራት ነበረበት። ግን በዓለም እጅግ የሚፈራው ቁልቁለት የቱ ነው ቢባል ብዙው ሰው ሽትራይፍን ነው የሚጠራው። የሽትራይፍ አማካይ ተዳፋት 27 በመቶ ነው፤ የባሰበት ቦታ ግን 85 በመቶ ይደርሳል። አያችሁ? አማካዩም ይሸውዳል። ቬንገን ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚቀጣው፤ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ስለሚፈጅ መጨረሻው ላይ ጭን ይቃጠላል። ርዝመትም የራሱ ፈተና አለው ማለት ነው።

«ታዲያ ድሮፕ ዋጋ የለውም?» አላልኩም። ዱባይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ያለው ስኪ ረጅሙ መንገዱ 400 ሜትር ነው። ሳትሞቁ አልቆ ተመልሳችሁ ሊፍት ላይ ናችሁ። ድሮፕ ሲያንስ ጨዋታው ያጥራል፣ ይሄ ሐቅ ነው። የእኔ ጠብ ከቁጥሩ ጋር ሳይሆን ቁጥሩን ብቻውን ከሚሸጡና ከሚገዙ ጋር ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ ያለው ድሮፕ እኮ በአንድ ጉዞ የሚወረድ እንኳ አይደለም፤ ከዚህ ሊፍት ወደዚያ ሊፍት እየቀየራችሁ ነው።

ደግሞ ስኪ በድሮፕ ብቻ አይለካም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ 15 ኪሎ ሜትር ሲወዳደር፣ ዳገቱንም በራሱ እግር ነው የወጣው። እሱን «ስንት ሜትር ወረድክ?» ልትሉት ነው?

ስለዚህ ውጭ ያላችሁ ልጆቼ፣ ጓደኛ «ና እንውጣ» ሲላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? የባሰው ቁልቁለት የቱ ጋ ነው? ቀለሙስ ምንድን ነው? አሜሪካ ከሆናችሁ በአረንጓዴው ጀምሩ፤ ቀለሙም ቢሆን ከዚያው ተራራ መንገዶች ጋር ተነጻጽሮ የሚሰጥ ስለሆነ የአንዱ ቦታ ሰማያዊ ከሌላው ሊከብድ ይችላል።

አስተማሪ ነን ባዮች ጓደኞችም ስሙ። ጀማሪን ጫፍ አውጥቶ «በርታ!» ማለት ጀግንነት አይደለም፤ በሰው ጉልበት መቆመር ነው። እንቁላል እንኳ በእግሩ የሄደው ቀስ በቀስ ነው።

አንቺም ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ሲሻልሽ ከታች ጀምሪ። «ስንት ሜትር?» ላለሽ ሁሉ ደግሞ «በስንት ኪሎ ሜትር?» ብለሽ መልሺለት።