ጤዛው ሳይረግፍ

የታኅሣሥ ብርድ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ አያስወርድም ካላችሁኝ አልከራከርም። ፎቶ ማንሳት የምትወዱ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ ሰዓት አታገኙም። ነፍሳት ሙቀት የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ስለሆነ ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ቅጠል ላይ ደንዝዘው ይቆያሉ። ቀን ላይ ሽው ብላ የምታመልጣችሁ ቢራቢሮ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሥር ጊዜ ብታነሷት ንቅንቅ አትልም።

ውድ የማክሮ ሌንስም አያስፈልጋችሁም። (የማርኬቲንግ ሠራተኛ ሆኜ "አትግዙ" ማለቴ ለራሴም ይገርመኛል።) ከካሜራው ጋር የሚመጣውን 18–55 ሌንስ ንቀሉና የፊቱን ጎን ወደ ካሜራው አዙራችሁ ያዙት፤ በቀላል ዋጋ የሚገኝ ማያያዣ ቀለበትም አለው። ወደ 18 ባስጠጋችሁት ቁጥር ይበልጥ ያጎላል። አውቶፎከስ ስለማይሠራ ምስሉን የምታጠሩት ራሳችሁ ጠጋ፣ ፈቀቅ እያላችሁ ነው። ጥርት ብሎ የሚወጣው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ትንፋሻችሁን ያዙ። አቧራ ካለ ግን ሌንሱን አትንቀሉ።

መጀመሪያ ጤዛ ሞክሩ። ጠብታዋ ራሷ ሌንስ ናት፤ ከኋላዋ ያለውን አበባ ገልብጣ ታሳያችኋለች።

እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ትታለች። እንጦጦ ላይ ያነሳሁትን ጤዛ ያዘለ የሸረሪት ድር በቴሌቪዥን ሳሳያት ተነሥታ ጠብታዎቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አሁን ትእዛዝ ትሰጠኛለች። ባለፈው ሳምንት የፈለገችው የጤና አዳም አበባ ነበር፤ እሱን ለማንሳት ከግቢያችን አልወጣሁም።