ትንሽ ውሻና የረጅም ሰዓት ሠራተኛ

ውሻ ከሰው ልጅ ጋር መኖር የጀመረው እጅግ በጥንት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 በጀርመን አገር፣ ኦበርካስል በተባለ ስፍራ፣ ከሁለት ሰዎች አፅም ጋር የተቀበረ የውሻ አፅም ተገኝቷል፤ ዕድሜውም ወደ 14,000 ዓመት እንደሚጠጋ ሊቃውንት ደርሰውበታል። እንግዲህ ከብት ከመርባቱ፣ እህልም ከመዘራቱ በፊት ውሻ የሰው ባልንጀራ ነበር ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የሁለቱ ኑሮ አንድ ሥርዓት ነበረው፤ ሰው ባለበት ውሻ አለ። አዳኝ ሲያድን ይከተለዋል፤ እረኛ ሲያግድ አብሮት ይውላል፤ ገበሬ እርሻ ሲውል የቀሩትን ቤተሰቦችና ግቢውን ይጠብቃል። ሰው በማለዳ ወጥቶ ሲመሽ የሚመለስበት፣ ውሻውም በተዘጋ በር ውስጥ ብቻውን የሚውልበት ኑሮ ግን ትናንት የመጣ ነገር ነው።

ይህ አዲስ ኑሮ በጉልህ ሊታይ ከሚችልባቸው ስፍራዎች አንዷ ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በባሕር ዳርቻ የምትገኘው ዶራሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ዞሯል። በዶራሌም እ.ኤ.አ. በ2009 የኮንቴይነር ወደብ፣ በ2017 ደግሞ ሁለገብ ወደብ ተመረቀ። 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም አዲስ አበባን ከጅቡቲ ጋር አገናኘ። ወደብ ሌሊትና ቀን፣ ሰንበትና የሥራ ቀን አይለይም። መርከብ በደረሰ ጊዜ ክሬን ነጂው ከማማው ይወጣል፤ ጭነት ተቆጣጣሪው መዝገቡን ይዞ ይቆማል፤ የከባድ መኪና ሹፌሩም ተራውን እየጠበቀ ከመሪው ሥር ያድራል። ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል ቤተሰባቸውን በአገር ቤት ትተው በኪራይ ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደሉም።

እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከሥራው ሲመለስ በሩን የሚከፍትለት፣ «እንዴት ዋልክ?» የሚለው ሰው የለውም። ስለዚህ አንዲት ነፍስ ቤቱ ውስጥ ብትኖርለት ቢመኝ አይፈረድበትም። ትልቅ ውሻ ለክፍሉ አይመችም፤ ምግቡም ብዙ ነው። ትንሽ ውሻ ግን በአልጋው ሥር ትተኛለች፤ ከገበታው በሚተርፈው ትጠግባለች፤ ጌታዋንም ጅራቷን እየቆላች ትቀበላለች። ሐሳቡ ሲታይ ያማረ ነው። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፤ በሩ ከተዘጋበት ሰዓት አንሥቶ እስኪከፈት ድረስ ባሉት አሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ሰዓታት ያች ትንሽ እንስሳ እንዴት ትውላለች?

በመሠረቱ የአካል ማነስ የፍላጎትን ማነስ አያመለክትም። እንዲያውም በብዙ ነገር ተቃራኒው ነው። የትንሽ ውሻ ሆድ ትንሽ ስለሆነ ምግቡን ከፋፍሎ መስጠት ያስፈልጋል፤ በተለይም ቡችላ በነበረችበት ጊዜ ለብዙ ሰዓት ሳትበላ ብትውል ኃይሏ ይደክማል። ሽንቷንም ለረጅም ጊዜ መቋጠር አይሆንላትም። የሁለትና የሦስት ወር ቡችላ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ወደ ውጭ መውጣት ይኖርባታል። ጌታዋ ማታ ተመልሶ ወለሉ ረክሶ ሲያገኘው ይቆጣል፤ አንዳንዱም ይመታል። ነገር ግን ጥፋቱ የተፈጸመው ከብዙ ሰዓት በፊት በመሆኑ ውሻይቱ የምትመታበትን ምክንያት ልትረዳ አትችልም። የምትማረው ነገር ቢኖር ቀኑን ሙሉ በናፍቆት የጠበቀችውን ሰው መፍራት ብቻ ነው።

በዶራሌ ደግሞ ከሁሉ የሚብሰው ሙቀቱ ነው። በበጋ ወራት፣ ማለትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ፣ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልበውም፤ የላብ ዕጢዎቹ የሚበዙት በመዳፉ ሥር ነው። ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ሲሆን፣ እንደ ባሕር ዳርቻ ባለ እርጥበት በበዛበት አየር ይህም ዘዴ ይደክማል። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት 38 ወይም 39 ዲግሪ ያህል ነው፤ 41 ዲግሪን ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ ትናንሽ የውጭ አገር ዝርያዎች ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ይቸገራሉ። መስኮቱ በተዘጋ፣ ጣራውም ቆርቆሮ በሆነ ክፍል ውስጥ መብራት ቢጠፋና ማራገቢያው ቢቆም፣ ጌታው ከወደቡ የሚያውቀው ነገር የለም። ውሻይቱም በሩን ከፍታ ጥላ ፍለጋ መሄድ አትችልም።

«ውሻ እኮ መጠበቅ ተፈጥሮው ነው» የሚሉ አይጠፉም። ለዚህም የጃፓኑን ውሻ የሐቺኮን ታሪክ ይጠቅሳሉ። ሐቺኮ ጌታው እ.ኤ.አ. በ1925 በድንገት ከሞተ በኋላ እስከ ራሱ ሞት፣ እስከ 1935 ድረስ፣ በቶክዮ ወደሚገኘው ወደ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ይጠብቀው ነበር፤ ስለ ታማኝነቱም ሐውልት ቆሞለታል። ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ በደንብ ሲመረመር የሚያስረዳው ሌላ ቁም ነገር ነው። አሥር ዓመት ያህል የሚጠብቅ እንስሳ መለየትን የማይረሳ እንስሳ ነው። ስለዚህ የውሻ ታማኝነት ጌታውን የሚያስመሰግን ስንቅ ሳይሆን፣ ጌታው ሊከፍለው የሚገባ ዕዳ ነው። ብቻዋን የምትውል ውሻ በር ትቧጭራለች፤ ጫማና ልብስ ትቦጫጭቃለች፤ ጎረቤት እስኪማረር ትጮኻለች። ሰዎች ይህን ክፋት ይሉታል፤ በእርግጥ ግን ጭንቀት ነው።

ሌሎች ደግሞ፣ «በአገራችን ውሻ መቼ ጠባቂ ነበረው? ያደገው ደጅ ላይ አይደለም ወይ?» ብለው ይከራከራሉ። እውነት ነው፤ የኢትዮጵያ የገጠር ውሻ ምቾት አያውቅም። ነገር ግን ብቻውን አይደለም። በግቢው ውስጥ እናት እንጀራ ትጋግራለች፤ ልጆች ይጫወታሉ፤ ከብት ይገባል፤ እንግዳ ይመጣል። ሲሞቀው ከዛፍ ሥር ይጋደማል፤ ሲጠማው ወንዝ ይወርዳል፤ ሥራም አለው። የገጠሩ ውሻ የጎደለው ምግብና ሕክምና ነው፤ የተዘጋ ክፍል ውሻ የጎደለው ግን ነፃነትና ባልንጀራ ነው። አንዱን ችግር በሌላው ማመካኘት ሁለቱንም አያቃልልም።

በክርክሩ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ግን የብቸኛው ሠራተኛ ሐሳብ ነው። ከአገሩ ርቆ፣ በባዕድ ቋንቋ መካከል የሚኖር ሰው ናፍቆቱን የሚያስረሳለት ፍጡር ቢፈልግ እንዴት ይከለከላል? ይህ አነጋገር ልብ የሚነካ ስለሆነ በቀላሉ መጣል አይገባም። ሆኖም ሰውየው ብቸኝነትን የሸሸው ብቸኝነት ምን ያህል እንደሚጎዳ ስላወቀ ነው። ራሱ ሊሸከመው ያልቻለውን ሸክም፣ መናገር ለማይችል ፍጡር በየቀኑ ለዐሥራ ሁለት ሰዓት ቢያሸክም፣ ብቸኝነቱን አዛወረው እንጂ አላጠፋውም። ደግሞም እሱ የሥራ ባልደረቦች፣ ስልክና የእረፍት ቀን አለው፤ ለውሻይቱ ግን ዓለም ማለት እሱ ብቻ ነው።

የቤት ትንሽ ውሻ የሚስማማው ሰው ለማይታጣበት ቤት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ እንደነበራቸው በሰፊው ይታወቃል። ቤተ መንግሥት ግን ቀንም ሌሊትም አገልጋይ የማይጠፋበት ቤት ነው። ይህ ሲባል ውሻ ማሳደግ የባለጸጎች መብት ብቻ ይሁን ማለት አይደለም። አያት ከልጅ ልጆቿ ጋር የምትውልበት ድኻ ቤት፣ በር ተቆልፎበት ከሚውል ባለ ማቀዝቀዣ ቤት ይልቅ ለውሻ የተመቸ ነው። ውሻ የሚፈልገው ሀብት በመጀመሪያ ደረጃ ጊዜ ነውና።

አንዳንድ አገሮች ይህን በሕግ እስከ መደንገግ ደርሰዋል። በስዊድን በቤት ውስጥ የሚኖር ውሻ አዘውትሮ ወደ ውጭ እንዲወጣ ደንቡ ያዝዛል። በስዊስ ደግሞ ውሻ በየቀኑ ከሰው ጋር መገናኘት እንዳለበት ተደንግጓል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገር ሕጉ የባለቤቱ ኅሊና ነው። የሃይማኖት ትውፊትም ከዚህ አይርቅም። ጅቡቲ ውስጥ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ብዙዎቹም ውሻ ከቤት ውስጥ እንዲገባ አይወዱም። ይህን ልማድ ማክበር የእንግዳ ግዴታ ነው። ነገር ግን በዚያው በእስልምና ትውፊት ውስጥ፣ በጥም ለሚያለከልክ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ ይነገራል። ስለዚህ የጎረቤትን ልማድ ማክበርና ለእንስሳ መራራት የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም።

ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን እንደሚገድል የዓለም የጤና ድርጅት ይገምታል፤ አብዛኞቹም በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ናቸው። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ጌታው ጊዜ ሲያጣ ወይም የሥራ ውሉ ሲያልቅ መንገድ ላይ ጥሏት የሚሄደው ያልተከተበች ውሻ ለሠፈሩ ሕፃናት አደጋ ትሆናለች። ውሻን መጣል ለእንስሳው ጭካኔ ብቻ ሳይሆን በሕዝብ ጤና ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

እንግዲህ ረጅም ሰዓት ከቤቱ ርቆ የሚሠራ ሰው ውሻ ከመያዙ በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን ለራሱ ማቅረብ ይኖርበታል። በቀኑ እኩሌታ በሩን የሚከፍትላት ጎረቤት ወይም ባልንጀራ አለን? በፈረቃ የሚሠሩ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ቤት ቢኖሩና አንዱ ሲወጣ ሌላው ቢገባ፣ ውሻይቱ ብቻዋን አትውልም። ከቡችላ ይልቅ ያደገች፣ ጠባይዋ የረጋ ውሻ መውሰድም ይሻላል። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊትና ከጠለቀች በኋላ ማንሸራሸር፣ ነፋስ የሚገባበት ጥላና የማይደፋ የውሃ ዕቃ ማዘጋጀት፣ በወቅቱ ማስከተብ፣ ወደ አገር በሚመለስበት ጊዜ ማን እንደሚረከባት አስቀድሞ መወሰን የግድ ነው። ለእነዚህ ሁሉ መልስ ያለው ሰው በዶራሌም ሆነ በአዲስ አበባ ውሻ ቢያሳድግ የሚያስመሰግነው ነው። መልስ የሌለው ግን ኑሮው እስኪመቻች ቢታገሥ፣ በእረፍት ቀኑ የወዳጁን ውሻ ቢያጫውት፣ ለሠፈሩ ውሾችም ውሃ ቢያኖር ይሻለዋል።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ያበላውን የማይከዳ ፍጡር መሆኑን ሲናገሩ ነው። ቃል ኪዳን ግን የሁለት ወገን ነው። ውሻ የራሱን ወገን ከ14,000 ዓመት ጀምሮ ሲጠብቅ ኖሯል። ሰውም ውሻን ወደ ቤቱ ባስገባ ጊዜ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ከቀኑ ላይ የተወሰነ ሰዓት አብሮ እንደ ሰጠ መገንዘብ አለበት። ያንን ሰዓት ለመስጠት የማይችል ሰው ውሻ ባለመያዙ ፍቅር እንደሌለው አይቆጠርም፤ እንዲያውም እንስሳን ከመውደድ አንዱ መንገድ፣ ሊጠብቁት የማይችሉትን አለመያዝ ነው።