10 ቁጥር ለማን ይሰጥ?

በራግቢ 10 ቁጥር ማሊያ የሚለብሰው ተጫዋች ኳሱን ታግለው ከሚያወጡት ስምንት የፊት መስመር ተጫዋቾችና ይዘውት ከሚሮጡት የኋላ መስመር ተጫዋቾች መካከል ይቆማል፤ ኳሱ በእጅ ይተላለፍ ወይስ በእግር ርቆ ይመታ የሚለውን በቅጽበት የሚወስነውና አብዛኛውን ጊዜም የቅጣት ምቶችን የሚመታው እሱ በመሆኑ፣ ኃላፊነቱ በአሜሪካ እግር ኳስ ኳርተርባክ ከሚባለው ተጫዋች ኃላፊነት ጋር ይቀራረባል። እንዲህ ያለው ተጫዋች ሲጎዳ ቡድኑ የጨዋታ ዕቅዱንና የነጥብ ምንጩን አብሮ ስለሚያጣ፣ የነባሩ ማገገም ይጠበቅ ወይስ ተስፋ የተጣለበት ወጣት ይሰለፍ የሚለው ክርክር ወዲያው ይነሳል። ስፕሪንግቦክስ በሚባለው የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን ይህ ክርክር በሃንድሬ ፖላርድ፣ በማኒ ሊቦክና በሳሻ ፋይንበርግ ምንጎሜዙሉ ዙሪያ ዓመታትን አስቆጥሯል። የዚህ ሐተታ አቋም ጥያቄው የሚመለሰው ነባሩ በተጎዳበት ቀን ሳይሆን ጤነኛ በነበረበት ወቅት ነው የሚል ነው፤ ተተኪውን በደህናው ጊዜ በከባድ ጨዋታ ያልፈተነ አሰልጣኝ፣ ጉዳት ሲመጣ የሚመርጠው ነገር አይኖረውምና።

እ.ኤ.አ. በ2023 በፈረንሳይ ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ ቡድኑ ሲመረጥ፣ በ2019 ዋንጫውን ያነሳው ፖላርድ የባት ጡንቻው ጉዳት ስላልለቀቀው ከዝርዝሩ ወጣ፤ 10 ቁጥሩም ለሊቦክ ተሰጠ። ሊቦክ ኳስ በማቀበልና የተከላካይ መስመርን በመክፈት ጎበዝ ቢሆንም፣ የቅጣት ምቱ አስተማማኝ አልነበረም። መስከረም 23 ቀን ደቡብ አፍሪካ በአየርላንድ 13 ለ 8 ስትሸነፍ እሱና የቡድን ጓደኛው ፋፍ ደ ክለርክ ከመሬት ከተመቱ ኳሶች 11 ነጥብ አባከኑ። ከዚያ በፊት ማልኮልም ማርክስ በልምምድ ላይ ጉልበቱን ተጎድቶ ስለነበር፣ ከፊት መስመር መሐል በሚቆመው በዚህ ተጫዋች ምትክ ያገገመው ፖላርድ ተጠራ፤ የሚጫወቱበት ቦታ ፈጽሞ የማይገናኝ በመሆኑ ምርጫው ብዙዎችን አስገርሟል። በግማሽ ፍጻሜው ከእንግሊዝ ጋር ሊቦክ ተሰልፎ በ31ኛው ደቂቃ ተቀየረ፤ በፍጻሜው ደግሞ ከ23ቱ ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ስሙ አልነበረም።

የግማሽ ፍጻሜውን የመጨረሻ ምት ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ደቡብ አፍሪካ 15 ለ 13 እየተመራች ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የተገኘው ቅጣት ከጎሉ ወደ 50 ሜትር ይርቅ ነበር። በሕጉ መሠረት መቺው ኳሱን በትንሽ ማስቆሚያ ላይ አስተካክሎ ለመምታት ያለው ጊዜ 60 ሰከንድ ነው። እንዲህ ያለ ምት ሲመታ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በማይመታው እግር ላይ ስለሚያርፍ፣ ያ እግር ትንሽ ካመነታ ኳሱ ወይ ያጥራል ወይ ይስታል። ፖላርድ መታው፤ ገባም፤ 16 ለ 15 ሆነ። በፍጻሜው ኒውዚላንድን 12 ለ 11 ሲረቱ አሥራ ሁለቱም ነጥቦች የእሱ ነበሩ። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች ነባሩ ምንጊዜም ይሻላል ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ፤ ነገር ግን ታሪኩ ይህን አያሳይም። ፖላርድ ከተጠራ በኋላ ጥቅምት 1 ቀን በቶንጋ ጨዋታ ተፈትኖ፣ በሩብ ፍጻሜው ተቀይሮ ገብቶ፣ ብቃቱን ደረጃ በደረጃ አስመስክሮ ነው የተመለሰው። ሊቦክም ቢሆን ቡድኑን እስከ ግማሽ ፍጻሜው ያደረሰ ተጫዋች ነው፤ በዚያ ምሽት በ31ኛው ደቂቃ ከሜዳ መውጣቱ ብቻ ከስሙ ጋር ተያይዞ መቅረቱ ፍትሕ የጎደለው ነው።

ተመሳሳይ ነገር በጆሃንስበርግ ዱርንፎንቴን በሚገኘው ኤሊስ ፓርክ ስታዲየም ከዚያ በፊት ታይቷል። በ1995ቱ የዓለም ዋንጫ ዋዜማ ነጭ ያልሆነው ብቸኛ የቡድኑ ተጫዋች ቼስተር ዊሊያምስ የጭን ጀርባ ጡንቻው ተጎድቶ ሲወጣ ፒተር ሄንድሪክስ በክንፍ መስመር ተሰልፎ በመክፈቻው ጨዋታ በአውስትራሊያ ላይ ነጥብ አስቆጥሮ ነበር። ሄንድሪክስ ከካናዳ ጋር በተነሳው ጠብ ምክንያት ሲታገድ ያገገመው ዊሊያምስ ተጠራ፤ ሰኔ 10 ቀንም በኤሊስ ፓርክ በምዕራብ ሳሞአ ላይ አራት ትራይ፣ ማለትም ኳሱን ከጎሉ መስመር ባሻገር መሬት በማስነካት የሚገኘውን ነጥብ፣ አስቆጠረ። ዊሊያምስ የተመለሰው ቦታው ስለተጠበቀለት አልነበረም፤ ቦታው ሲከፈት እግሩ ድኖ ስለተገኘ እንጂ።

በአሜሪካ እግር ኳስም በ2001 ኳርተርባኩ ድሩ ብሌድሶ በኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ማሊያ ተጎድቶ ሲወጣ፣ ከዓመት በፊት በ199ኛ ምርጫ የተቀጠረው ቶም ብሬዲ ቦታውን ያዘ፤ ብሌድሶ ሲያገግምም አሰልጣኙ ቢል ቤሊቺክ ብሬዲን አላነሳውም። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የወጣቱ ድል ተደርጎ ይነገራል፤ ሆኖም ለዋንጫው ፍጻሜ ባበቃቸው ጨዋታ ብሬዲ ቁርጭምጭሚቱን ሲጎዳ ገብቶ ቡድኑን ያሻገረው ይኸው የተገፋው ብሌድሶ ነበር። በኢትዮጵያም ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ከ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ሲወጣ፣ ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ ገብቶ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ ወርቅ አምጥቷል። ታምራት ጀማሪ አልነበረም፤ በ2022 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2023 ደግሞ የኒው ዮርክ አሸናፊ ነበር፤ ተጠባባቂነቱ ዝግጅቱን ስላላላላው ጥሪው ሲደርሰው ለመሮጥ የተዘጋጀ ነበር።

የስፕሪንግቦክስ አሰልጣኝ ራሲ ኢራስመስ ነሐሴ 31 ቀን 2024 በኤሊስ ፓርክ ከኒውዚላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ 10 ቁጥሩን ለፋይንበርግ ምንጎሜዙሉ መስጠቱ በዚህ ዓይን ሲታይ ትክክል ነበር። ወጣቱ ያኔ 22 ዓመቱ ሲሆን ለብሔራዊ ቡድኑ መጫወት ከጀመረ ገና ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነበር። ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ የሳሳው አየር የሯጩን ትንፋሽ ቶሎ ይጨርሳል፤ የተመታውንም ኳስ ከለመዱት በላይ ያርቀዋል፤ ስለዚህ በዚያ ሜዳ ላይ 10 ቁጥር መልበስ ተራ ልምምድ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ 27 ለ 17 ተመርታ 31 ለ 27 አሸነፈች። ከዓመት በኋላ መስከረም 27 ቀን 2025 ይኸው ወጣት በደርባን በአርጀንቲና ላይ ብቻውን 37 ነጥብ አስቆጥሮ፣ በአንድ ጨዋታ በደቡብ አፍሪካዊ ተጫዋች ያልተደረሰበትን ቁጥር አስመዘገበ።

ይህ መንገድ ዋጋ ማስከፈሉ አይካድም። ነሐሴ 16 ቀን 2025 በዚያው ዱርንፎንቴን ሊቦክን ያሰለፈው ቡድን 22 ለ 0 ከመራ በኋላ በአውስትራሊያ 38 ለ 22 ተሸነፈ፤ በሳምንቱ ኬፕ ታውን ላይ 10 ቁጥሩ ለፖላርድ ተመልሶ አውስትራሊያ 30 ለ 22 ተሸነፈች። ለዱርንፎንቴኑ ሽንፈት ተጠያቂው ግን አንድ ሰው አልነበረም፤ መከላከሉም የኳስ ቁጥጥሩም አብረው ፈርሰዋል። በ2027 በአውስትራሊያ በሚካሄደው የዓለም ዋንጫ ፖላርድ 33 ዓመት ይሞላዋል፤ ጡንቻው ዳግም ቢያስቸግረው የሚያስገርም አይሆንም። እስከዚያ ድረስ ከኒውዚላንድና ከአየርላንድ ጋር ከሚደረጉት ከባድ ጨዋታዎች ብዙዎቹ፣ ፖላርድ ጤነኛ ሆኖ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያለ፣ በፋይንበርግ ምንጎሜዙሉ መሪነት መጀመር አለባቸው፤ ሊቦክም ከዝርዝሩ ሊወጣ አይገባም።