ውልና ደብተር

ማክሰኞ ማታ የእህቴ ልጅ ከሚኤሶ ደወለ። ፍሬሽማኑን ሐረማያ ጨርሶ ለእረፍት ገብቷል። «ጋሼ፣ ሕግ ደረሰኝ» አለ። እልል ልል ስል «ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አካውንቲንግ ልደርብ ነው» ብሎ ደስታዬን አቋረጠው።

በግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል ወረቀት ያለኝን ቂም ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ታውቁታላችሁ። አንዱ አልሠራ ሲል ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ሲያቅት ሦስተኛ! ልጁ ግን መልስ ነበረው፤ «አሜሪካኖች ሕግና ቢዝነስ አብረው ይማራሉ» አለኝ። ይማራሉ። እዚያ ሕጉ 3፣ ቢዝነሱ 2 ዓመት ነው፤ አንድ ላይ ለያዘው በ4 ዓመት ያስጨርሱታል። ለእኛ ማን ቅናሽ አደረገልን? ሕግ ብቻውን 5 ዓመት ይበላል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ መውጫ ፈተና የማይነካው የትምህርት ክፍል የለም፤ ሁለት ዲግሪ ማለት ሁለት መውጫ ፈተና ነው።

«አያትህን እያቸው» አልኩት። አጎቴን ማለቴ ነው፤ ሚኤሶ ገበያ የግመል ደላላ ናቸው። ዋጋውን በጨርቅ ሥር በጣት ተነካክተው ይጨርሱታል፤ አጠገባቸው የቆመ ሰው እንኳ ስንት እንደተባለ አያውቅም። ግን ሻጩን ሳያውቁ እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አያስገቡም። ግመሉ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ሽማግሌ የሚመጣው እሳቸው በር ላይ ነዋ! ገበያውም ዋስትናውም በአንድ እጅ። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው ያስመረቃቸው?

ስልኩን ዘግቼ ረታሁ ብዬ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ፤ ወፍጮ ቤቷ ትዝ አለችኝ።

ጭሮ ውስጥ፣ ያኔ ሁላችንም አሰበ ተፈሪ ስንላት፣ ከጓደኛዬ ጋር በሽርክና የከፈትናት የማሽላ ወፍጮ ነበረች። ውሉ መጨባበጥ፣ ደብተሩ ጭንቅላታችን። ከሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌ ፊት ስንቀመጥ እያንዳንዳችን የምናስታውሰው የየራሳችንን መዋጮ ብቻ ሆነ። ጠበቃ ዘንድ ሄድን፤ «ደብተር አምጡ» አለን። ሂሳብ አዋቂ ዘንድ ሄድን፤ «ውል አምጡ» አለን። አንዱ ወደ ሌላው እየላከን ወፍጮዋም ወዳጅነቱም ዛገ።

ነጋዴ የሂሳብ መዝገብ ይያዝ ብሎ ያዘዘው የ1952ቱ የንግድ ሕግ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ደብተሩ ራሱ የሕግ ጉዳይ ኖሯል! በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ያኔ ቢደርስልኝ ወዳጄን አላጣም ነበር።

የድሮውን ሕግ ማርቀቅ የጀመሩት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ነበሩ፤ ሞት ቀደማቸውና ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። የልጁ አገር ሐዲድም እንዲሁ የሁለት እጅ ሥራ ነው። አዲሱን የባቡር ሐዲድ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ሌላ የቻይና ኩባንያ ሠሩት። ተሳፋሪ ይህን መች ይጠይቃል? ሚኤሶ ላይ የሁለቱ ሐዲድ በአንድ ጣት ቢዛነፍ ኖሮ ግን ሁሉም ይጠይቅ ነበር። እኔንና ወዳጄን የገለበጠን መጋጠሚያው ነው። ጠበቃውም ሂሳብ አዋቂውም በየሐዲዳቸው ጎበዞች ነበሩ፤ መጋጠሚያው ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። አጎቴ ለግመሉ የቆሙት እዚያ ነው። ለወፍጮ፣ ለቫት፣ ለባንክ ብድር ግን ጨርቅና ጣት አይበቃም።

ዓርብ መልሼ ደወልኩ። «ተመዝገብ» አልኩት እየተናነቀኝ። «ለግድግዳ ከሆነ ግን አልከፍልም። የመጀመሪያ የቤት ሥራህ ይኸውልህ፤ ጭሮ ውጣ፣ የድሮ ሸሪኬን አነጋግር፣ የወፍጮ ቤቷን ሂሳብ ከሁለታችን አፍ ሰምተህ ጻፍልን። የድካምህን አስብልሃለሁ።»

ትንሽ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ክፍያው በቃል ነው በውል?»