የረመዷን ጾምና የጓሮ ሥራ

በረመዷን ወር ስለ ጓሮ ሥራ የሚነሣው ክርክር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን፣ የጾመ ሰው ከጥላ ሥር ሊያርፍ እንጂ ዶማ ሊያነሣ አይገባውም ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ጾመኛ ነኝ ብሎ ከሥራ የሚሸሽ ሁሉ ሰነፍ ነው፤ ብርቱ ሰው በቀትር ፀሐይ ቆፍሮም ይጾማል ሲል ይመልሳል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ጓሮ አንድ ወር ሙሉ ሊተው አይችልም፤ ውሃ ያልቀመሰ ሰውም በቀትር ሊለፋ አይገባውም። ይልቁንስ ልንጠይቅ የሚገባን የትኛው ሥራ በየትኛው ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማን እጅ ይሠራ ብለን ነው።

የእስልምና ዘመን አቆጣጠር ጨረቃን የሚከተል በመሆኑ ዓመቱ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያጥራል። ስለዚህ ረመዷን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በ2003 ዓ.ም. ከሞላ ጎደል በነሐሴ ስለዋለ ጓሮውን ያጠጣው ክረምቱ ራሱ ነበር፤ ለሰው የቀረው አረም ማረምና ቦይ መቅደድ ብቻ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን በየካቲት ማብቂያ ገብቶ በመጋቢት ዋለ። በወሎ፣ በሐይቅ ዙሪያም ሆነ ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ ባለው አገር፣ በጓሯቸው ሎሚ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ቡና የሚያለሙ ሰዎች እንደሚያውቁት የበልግ ዝናብ ከዘገየ ይህ ወቅት ችግኝ የሚደርቅበት ነው።

በአገራችን የቀኑ ርዝመት በበጋና በክረምት እምብዛም ስለማይለያይ ጾመኛው ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ያህል ውሃ ሳይቀምስ ይቆያል። ሰውነታችን ሙቀቱን የሚያበርደው በላብ ነው፤ በላብ የወጣው ውሃ ደግሞ እስከ መግሪብ ድረስ አይተካም። እንግዲህ ዶማና አካፋ የሚጠይቅ ሥራ ካለ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓቶች ይሠራ፤ በሱሁር የተጠጣው ውሃ ያን ጊዜ ገና በሰውነት ውስጥ አለና። ከማፍጠሪያው በፊት ያለው የመጨረሻ ሰዓት ለማጠጣት ይመቻል፤ ፀሐዩ ስለሚበርድ አፈሩ ውሃውን ይዞ ያድራል። በእነዚህ መካከል ባለው ጊዜ ግን ጓሮው ይረፍ። ሃይማኖቱ ራሱ በሽተኛና መንገደኛ አፍጥረው በሌላ ቀን እንዲተኩት መፍቀዱን እያወቁ በቀትር ቆፍሮ ራስን ማሳመም ብርታት አይባልም።

ብዙ ሥራም አስቀድሞ ሊያልቅ ወይም ሊቆይ ይችላል። የችግኝ ጉድጓድ በሻዕባን ቢቆፈር ወይም ከዒድ በኋላ ቢቆይ የሚጎዳ ነገር የለም። ሥር የሰደደ ማንጎ ጥቂት ቀን ውሃ ቢያጣ ይታገሣል፤ ባለፈው ክረምት የተተከለ ችግኝ ግን አይታገሥም። ችግኙ ዙሪያውን ደረቅ ሣርና ቅጠል ቢጎዘጎዝለት እርጥበቱ ቶሎ አይተንም። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ በየቀኑ ለውዱእ የምናፈሰው ንጹሕ ውሃ በአብዛኛው ቤት ከደጅ ፈስሶ ይቀራል። መታጠቢያው ከሎሚው ዛፍ አጠገብ ቢሆንና ትንሽ ቦይ ቢቀደድለት፣ ማንም ሳይሸከም ዛፉ በቀን አምስት ጊዜ ውሃ ያገኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሥራው በማን እጅ ይሠራ የሚለው ነው። አሥር ችግኝ ቢኖርና ለእያንዳንዱ 10 ሊትር ቢያስፈልግ 100 ሊትር ይሆናል፤ ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ምልልስ ነው፤ በየምልልሱም 20 ኪሎ ሸክም አለ። ይህን የሚሸከመው ማን ነው? በብዙ ቤት እኅታችሁ ናት። እርሷም እንደ እናንተ ጾመኛ ናት፤ እንደ እናንተም ተማሪ ናት። ሱሁር ለማዘጋጀት ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ ትቀዳለች፤ ከዚያም ለማፍጠሪያ ሾርባውንና ሳምቡሳውን ለማድረስ እሳት ላይ ትጣዳለች። ወንድሟ ግን ጾም ደክሞት ከዙሁር በኋላ ተኝቷል። አዛን ሲሰማ ተነሥቶ የሚቀመጠው በእርሷ ድካም ከተሰናዳው ማዕድ ፊት ነው። ጾም ሴቱን የማያደክም ይመስል! በእኔ አስተያየት በዚህ ወር የጓሮው ውሃ በሙሉ የወንዶች ልጆች ሥራ መሆን አለበት። ልማዱ እንዲህ ነው ብላችሁ የምትከራከሩ ካላችሁ፣ በመጀመሪያ አምስቱን ጀሪካን ከምንጭ እስከ ጓሮ ተሸክማችሁ ተመልሳችሁ ተከራከሩ። ከተተከለው ዛፍ ወፍ እንኳ ቢበላ ለተካዩ ምጽዋት ሆኖ እንደሚቆጠርለት በሐዲስ ተነግሯል፤ ታዲያ ይህን ምንዳ ለእኅት ብቻ መተው ለምን?

ጎረቤትም አለ። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቦይ ውሃ ያጠጣሉ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ረመዷን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ገብቶ ስለነበር ሁለቱም ቤት ጾመኛ ነበር፤ ነገር ግን የጾሙ ሥርዓት ይለያያል። የመስኖው ተራ በቀትር የደረሰው ሙስሊም ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር ተራ ሊለዋወጥና በሰሙነ ሕማማት ብድሩን ሊመልስ ይችላል። ተራ የሚያከፋፍሉት ሰው አስቀድመው ከተነገራቸው ይህ አያስቸግርም።

ለወደፊቱም ማሰብ ያስፈልጋል። በስሌቱ መሠረት ረመዷን በ2020 ዓ.ም. በጥር፣ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ በታኅሣሥ ይገባል። የታኅሣሡ ረመዷን በየጓሮው ገና ያልተለቀመ ቡና ሊያገኝ ይችላል። ውሃ ማጠጣት ለአንድ ቀን ቢተላለፍ ይቻላል፤ የቀላ ቡና ግን ካልለቀሙት ይረግፋል። በዚያውም ላይ ቡና በአንድ ጊዜ ስለማይቀላ ለቀማው ይደጋገማል። ስለዚህ ለቀማው ለማለዳ፣ የተሰጣውን ማገላበጥ ጉልበት ስለማይጠይቅ ለቀን ተመድቦ፣ ተራው በሻዕባን በቤተሰብ ፊት ይደልደል፤ በዝርዝሩም ላይ የወንዶቹ ስም ከሴቶቹ እኩል ይጻፍ።