ወርቃችንን ለአላፊ አግዳሚ አንስጥ



በዓል በደረሰ ቁጥር ጓዳችንን እንጠርጋለን፤ ከሣጥን የከረመውን መስቀልና ቀለበትም እናወጣለን። ታዲያ ብሩ ጠቁሮ፣ ወርቁ ደብዝዞ ይገኛል። ይህን ጊዜ ጠብቀው «ወርቅ እናጥባለን፣ ብር እናጸዳለን» እያሉ በር የሚያንኳኩ ሰዎች አሉ። ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው በዚሁ ነገር ነው።

በቅርቡ አንዲት እናታችን የጋብቻ ቀለበታቸውን ሰጡ። ሰውየው በያዘው ፈሳሽ ነክሮ፣ አብለጭልጮ መለሰላቸው፤ ገንዘቡንም ተቀብሎ ሄደ። ኋላ የሕመም ጉዳይ ገጥሟቸው ቀለበቱን ሊሸጡ ቢያስመዝኑት፣ በደረሰኙ ላይ 6 ግራም የተባለው 5 ግራም እንኳ አልሞላም። የጎደለው የት ገባ? ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲቀላቀሉ ወርቅን ያሟማሉ። እንዲህ ያለውን ፈሳሽ ይዞ የሄደ፣ ወርቁንም ይዞ ሄደ ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ቀለበቱ የሚፈልገው ሳሙና ብቻ ነበር!

በስብሰባችን ላይ አንዳንዱ «እሳቸውስ ለምን ሰጡ?» አለ። ሌላው ደግሞ «ለእንጀራቸው የሚዞሩ ናቸው፤ ለምን እናባርራለን?» አለ። በእኛ አስተያየት እናታችን የሚወቀሱበት ምክንያት የለም። ከዚህ በፊት የተታለሉ ጎረቤቶች አፍረው ዝም ባይሉ ኖሮ እሳቸውም አይታለሉም ነበር። ሠርቶ አዳሪን አንጠላም። ነገር ግን ወርቅ ለብዙ እናቶች የክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው፤ ስሙንና አድራሻውን ለማናውቀው ሰው አይሰጥም።

ማጽዳቱ ደግሞ እቤታችን የሚያልቅ ሥራ ነው። ብር የሚጠቁረው በአየርና በጭስ ውስጥ ያለ ድኝ ሲነካው ነው። ጥቁሩ ነገር ከድኝ ጋራ የተዋሐደ ብር ስለሆነ፣ በአሸዋና በአመድ በፈተግነው ቁጥር ብሩ ያልቃል። እኛም ከዚህ ጥፋት አልዳንንም። ከጠገራ ብር የተሠራ የእናታችንን መስቀል በየዓመቱ ስንፈትግ ኖረን ሐረጉ ጠፋ፤ ዛሬ ልሙጥ ሆኖ ተቀምጧል። ቢቆጩ አይመለስ!

የሚሻለው እንዲህ ነው። በሳህን ላይ የአሉሚኒየም ወረቀት አንጥፉ፤ ብሩን ወረቀቱን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ጥቂት ጨው ነስንሱና የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ድኙ ወደ አሉሚኒየሙ ይሄዳል፤ ብሩ በቦታው ይቀራል። የበሰበሰ ዕንቁላል ቢሸታችሁ መስኮት ክፈቱ። ከዚያ አለቅልቆ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ዶቃ ወይም በሙጫ የተለጠፈ ፈርጥ ያለው፣ ወርቅ የተቀባም ቢሆን እዚህ ውስጥ አይግባ።

ወርቅ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። በረኪና ግን ወርቅንም ብርንም ይጎዳል፤ አይነካቸው። ነሐስና መዳብ በሎሚና በጨው ታሽተው ወዲያው ይታጠቡ፣ ይድረቁ። ሎሚን ወይም ኮምጣጤን ከበረኪና ጋራ የሚቀላቅል ሰው መርዛም ጋዝ እንደሚያወጣ ይወቅ፤ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት።

የማኅበራችንን የአሉሚኒየም ድስቶች የምትዋሱም አደራ! ሶዳ ያጠቁራቸዋልና አታስነኩአቸው። ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ቢፈላባቸው ራሱ ይጠራል።

በመጨረሻ የምናሳስበው፦ የወርቃችሁን ክብደት ጻፉ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። የተሰበረ ካለም ወደሚታወቅ ወርቅ ሠሪ ወስዳችሁ ከሥራው በፊትና በኋላ አስመዝኑ። በር የሚያንኳኳ ሲመጣ ለጎረቤት ንገሩ፤ የተታለለም አይፈር፣ ይናገር። በሚቀጥለው ስብሰባችን ላይ የብሩን አጸዳድ እናሳያለንና የጠቆረ ብር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ወርቃችሁን ግን ከቤታችሁ አታውጡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ