ጎመኑን ተዉት፣ ልጁን ያዙ

አንድ ጨቅላ ማልቀስ ሲያበዛ እኛ አገር መጀመሪያ የሚመረመረው የእናቱ ሳህን ነው። «ምን በልተሽ ነው?» ትባላለች። ጎመን ይሆናል። ሽሮው ባቄላ በዝቶበት ይሆናል። ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥተሽ፣ ሳትሸፋፈኚ በር ላይ ቆመሽ፣ ምች መቶሽ ይሆናል። ዲላ ውስጥ አራስ ቤት ገብቶ ይህን ክስ ያልሰማ ሰው ካለ ጆሮውን ይታይ። የከሳሹ ብዛት ደግሞ አይጣል ነው፤ አክስት፣ ጎረቤት፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ እንግዳ፣ ከዚያ ደግሞ ልጅ አቅፎ የማያውቅ የቲክቶክ አማካሪ። «እስኪ ልጁን ስጪኝና ሁለት ሰዓት ተኚ» የሚል ግን ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው።

ልናገር የፈለግኩት ይኸው ነው። ለሚያለቅስ ልጅ ምክንያት መፈለግ እኛ ጋ ከመርዳት ማምለጫ ሆኗል። ምክንያት ከተገኘ ጥፋተኛ ይገኛል፤ ጥፋተኛዋ ከተገኘች ደግሞ የቀረነው ሰዎች ተገላገልን፣ ወደ ቡናችን እንመለሳለን።

ምክንያት መፈለግን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ እንጀራዬ ነው። ምህንድስና ተምሬ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው የምኖረው፤ ቀኑን ሙሉ የማደርገው አንድ ነገር ለምን እንደተበላሸ ማጣራት ነው። ሴት ልጃችን በሦስተኛ ሳምንቷ ማታ ማታ ማልቀስ ስትጀምር እኔም እንደለመድኩት መዝገብ ያዝኩ። መቼ ጠባች፣ መቼ ተኛች፣ መቼ ጀመራት፣ መቼ ተዋት። ክሱ የቀረበው በምግብ ላይ ስለሆነ እናቷ የበላችውንም አስገባሁ። ጎመን የተበላበትም ያልተበላበትም ምሽት ያው ነበር። የማይለወጠው ሰዓቱ ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ይጀምርና እስከ ምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት ይዘልቃል። የአንድ ልጅ መዝገብ ምንም አያረጋግጥም፤ ግን ሰው ጠይቆት ያውቅ እንደሆነ እንድፈልግ አደረገኝ።

ተጠይቋል፤ ሰባ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሞሪስ ዌሰል የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቹ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ መለኪያ አወጡ፤ ጤነኛ የሆነና ደህና የሚጠባ ሕፃን በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ የሚያለቅስ ከሆነ ኮሊክ ይባላል። በ1962 ደግሞ ቤሪ ብራዝልተን የ80 ጤነኛ ሕፃናት እናቶችን የለቅሶ ማስታወሻ አስያዘ። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ አማካዩ ልጅ በቀን ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያለቅስ ነበር። ልብ በሉ፤ የሚያስቸግረው ልጅ አይደለም፣ አማካዩ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ይወርዳል፤ ሦስትና አራት ወር ላይ አብዛኛው ልጅ ይረጋጋል። በየአገሩ ተደጋግሞ የታየው ቅርጽ ይህ ነው፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሽቅብ፣ ስድስተኛው ላይ ጫፍ፣ ከዚያ ቁልቁል፣ ምሽት ላይ የባሰ። ጎመን የማይበሉ አሜሪካውያን እናቶች ልጆችም ያለቅሳሉ ማለት ነው።

ይህን ስል «ስለዚህ ዝም በሉት» ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እውነተኛ ምክንያት አለ፤ የሚፈለግበትም ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከካናዳ የወጣ ጥናት ትኩሳት ሳይኖራቸው በለቅሶ ብቻ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 237 ሕፃናትን ተመልክቶ ከባድ ሕመም ያገኘው 12ቱ ላይ ነበር፤ ከመቶ አምስት ያህል። ከነሱም መካከል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ጎልቶ ወጥቷል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የለየው የላቦራቶሪ ጋጋታ ሳይሆን ወላጅን ደህና አድርጎ መጠየቅና ልጁን አውልቆ ማየት ነው። አውልቆ ማየት ያልኩት ቃል በቃል ነው። የእግር ጣቱ ላይ የእናቱ ፀጉር ተጠምጥሞ ደም ያቋረጠበት ሕፃን ካልሲው ካልወለቀ አይታወቅም፤ ብሽሽቱ ላይ እብጠት ያለበትም ዳይፐሩ ካልተፈታ።

ልጁ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ከደከመው፣ ሰውነቱ ካተኮሰ (ከሁለት ወር በታች ላለ ልጅ ብብቱ ላይ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ በቂ ነው) ወይም ከቀዘቀዘ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ሰገራው ላይ ደም ካለ፣ ክብደት ካልጨመረ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ በዚያው ሌሊት ባጃጅ ጥሩ። አትጠብቁ፣ ማንንም አታማክሩ። ልጁ ጡቱን በደንብ ጎርሶ እየጠባ እንደሆነም በሚያውቅ ሰው ይታይ፤ የሚራብ ልጅም ያለቅሳልና። ይህ ሁሉ ታይቶ ምንም ካልተገኘ የምርመራው ሥራ አልቋል። እኛ ግን ሐኪም ከጨረሰበት ቦታ ነው የምንጀምረው።

«እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባላል። አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ይጠራል፤ በምላጭ ይሁን በፀጉር ወይም በክር የገና ወር ልጅ እንጥል ይቆረጣል። ወይም ድዱ ላይ ነጣ ብሎ የታየው ነገር «ክፉ ጥርስ» ነው ተብሎ ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ ተፈልፍሎ ይወጣል። ወይም ሆዱ እንዲለሰልስ ቅቤ ይዋጣል፤ ቅቤው ወደ ሳንባ ሲወርድ የሳንባ ምች ይሆናል። ደም የሚፈስሰው፣ ቲታነስ የሚይዘው፣ ቁስሉ የሚመረቅዘው ይህን ሁሉ ያልጠየቀው ልጅ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 561 እና 562 ላይ ቅቤ ማስዋጥንም እንጥልና የወተት ጥርስ ማውጣትንም በስም ጠቅሶ ከጎጂ ልማዶች ቆጥሯቸዋል። ሕጉ አለ፤ ምላጩም አለ። ምላጩ የሚኖረው አንድ ቀላል ምክንያት ስላለው ይመስለኛል። እንጥል የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ተስፋ ሲቆርጥ ነው፤ ማለትም ለቅሶው ጫፍ ላይ ሲደርስ። ከጫፍ በኋላ ያለው ደግሞ ቁልቁለት ነው። ልጁ በራሱ ጊዜ ሲረጋጋ ምስጋናው ለቆራጩ ይደርሳል። ሐምሌ ላይ ጸልዮ መስከረም ላይ «ዝናቡን አቆምኩት» የሚል ሰው ዓይነት ነው።

ከተሜው፣ የተማረው፣ እኔና እናንተ፣ በዚህ ላይ ልንስቅ እንፈልግ ይሆናል። ቆይ። እኛም የራሳችን ምላጭ አለን፤ በጠርሙስ የሚሸጥ። እኔ የገባሁበት መድኃኒት ቤት ልጁ ስንት ወሩ ነው፣ አተኮሰው ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ሁለት ዓይነት ጠብታና አንድ ጠርሙስ ግራይፕ ዋተር መደርደሪያው ላይ ተኮለኮሉ። ግራይፕ ዋተር እ.ኤ.አ. በ1851 እንግሊዝ ውስጥ ዊልያም ውድዋርድ የቀመመው ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልኮል ነበረበት። ልጁ ዝም ማለቱ ምን ይገርማል! ዛሬ አልኮሉ ወጥቷል፤ የቀረው ጣፋጭ ውኃ ነው፤ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውኃም አይሰጠው የሚለውን ምክር ደግሞ ያፈርሳል። ጋዝ ያወጣል የሚባለው የሲሜቲኮን ጠብታ በ1994 ከባዶ ጠብታ ጋር ተነጻጽሮ ልዩነት አልታየበትም። ዳይሳይክሎሚን የሚባለው መድኃኒት በርግጥ ለቅሶ ይቀንስ ነበር፤ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሕፃናት ስለታዩ ግን ከስድስት ወር በታች እንዳይሰጥ በ1980ዎቹ ተከለከለ።

አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። የምንኖረው ጌዴኦ ውስጥ ነው፤ ከወናጎ እስከ ይርጋጨፌ እስከ ገደብ ቡና የሌለበት ጓሮ የለም። አራስ ቤት ደግሞ ጀበና ከእሳት አይወርድም። ካፌይን በጡት ወተት በትንሽ መጠን ያልፋል፤ አዲስ የተወለደ ልጅ ግማሹን ብቻ ከሰውነቱ ለማስወጣት ቀናት ይፈጅበታል። ቡና ብዙ የምትጠጣ እናት ልጅ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል የሚለው ከጎመን ይልቅ መሠረት ያለው ጥርጣሬ ነው። ጎመኑን የከሰሰ ሁሉ ግን ሲኒውን ነክቶት አያውቅም፤ ራሱም እየጠጣ ነዋ! (እናቶች ሆይ፣ ሁለት ሲኒ ወንጀል አይደለም። ዘጠኝ ሲኒ ከሆነ እንነጋገር።)

አሁን የቀን መቁጠሪያውን እንይ፤ ቁጣዬ ያለው እዚህ ነው። ልጅ ሲወለድ እልል ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ቤቱ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት በሰው ይሞላል። አዲስ ሕፃን በዚያን ጊዜ ባብዛኛው ይተኛል። ጠያቂው እየሳሳ የሚሄደው፣ የመጣችው እናት ወይም አማት ወደ ቤቷ የምትመለሰው አርባው ቀን አካባቢ ነው። አርባ ቀን ማለት ስድስት ሳምንት ሊሞላ ሁለት ቀን የቀረው ማለት ነው። ለቅሶው ጫፍ በደረሰበት ሳምንት ቤቱ ባዶ ነው። ይህን የነደፈ ሰው ቢኖር ከሥራ ይባረር ነበር።

ሕጉም ከዚህ አይሻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። በሦስት ቀን ውስጥ የሚደረገው ከሆስፒታል መውጣትና በግ መግዛት ነው። እናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አላት፤ ይህ ማለት ለቅሶው በሚያበቃበት ሰሞን፣ ለሦስት ወር እንቅልፍ ያጣችው ሴት ወደ ሥራ ትመለሳለች። እሱም ደመወዝተኛ ከሆነች ነው። እንሰት የምትፍቀው፣ እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አልጋ ላይ ቡና ስትለቅም የምትውለው የቀን ሠራተኛ 90 ቀን የሚባል ነገር ወሬውን አልሰማችም። ቡናው የሚደርሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ልጁ ኅዳር ላይ ስድስት ሳምንት ሞላው ብሎ ቡናው አይጠብቃትም።

የወንዶቹ ነገር ደግሞ አለ። 11 ሰዓት ላይ የሚጀምር ለቅሶ እኛ ከሥራ የምንወጣበት ሰዓት ነው። ስንቶቻችን ነን በዚያች ሰዓት በቀጥታ ወደ ቤት የምንገባው? «ከሴት ነው የሚስማማው፣ እኔን ሲያይ ይብስበታል» የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። የስድስት ሳምንት ልጅ እንዲህ ያለ አስተያየት የለውም። እሷ በዚያው ሰዓት እራት ትሠራለች፣ ትልቁን ልጅ ታጥባለች፣ የሚያለቅሰውን ታዝላለች፣ ቀጥላም «ምን በልተሽ ነው» ትባላለች። የደከመ ሰው እጅ አደገኛ ነው፤ ሕፃን ማርገብገብና መነቅነቅ አንጎሉን ሊያደማና ሊገድለው ይችላል። እጅሽ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልጁን በጀርባው አልጋ ላይ አስተኝተሽ በር ዘግተሽ አሥር ደቂቃ ውጪ። አሥር ደቂቃ አልቅሶ የሞተ ልጅ የለም። ይህንን ምክር ስንቷ እናት ሰምታለች?

የአገር ዕውቀት ይጣል የምል እንዳይመስላችሁ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ዛፍ፣ እንሰትና ቡና አንድ ላይ አስማምቶ የሚያኖር ዕውቀት ስላለ ነው። በልጅ አያያዝም እንዲሁ ያለ ዕውቀት አለን፤ ስሙ ማዘል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞንትሪያል ውስጥ ሁንዚከርና ባር የሚባሉ ተመራማሪዎች 99 እናቶችን በዕጣ ከፍለው ገሚሱን ሳያለቅስም ጭምር ልጃቸውን በቀን ብዙ ሰዓት እንዲይዙ አደረጉ፤ ስድስተኛው ሳምንት ላይ የእነዚያ ልጆች ለቅሶ በ43 በመቶ ያነሰ ሆነ። ሐቁን ልንገራችሁና፣ በኋላ ለንደን ላይ ሲሞከር ይህ ውጤት አልተደገመም፤ ኮሊክ አንዴ የጀመራቸው ልጆች ላይም መያዙ ብዙ አላመጣም። ባር ካላሃሪ በረሃ ያሉትን የኩንግ ሳን ሕዝቦች ልጆችም ተመልክቷል፤ ቀኑን ሙሉ ታዝለው፣ በሰዓት ደጋግመው እየጠቡ፣ እነሱም እንደ ሌላው ልጅ ደጋግመው ያለቅሳሉ፤ ለቅሷቸው ግን አጭር ነው። ስለዚህ ማዘል መድኃኒት ነው ብዬ አልሸጥላችሁም። ምላጭ የለውም፣ ጠርሙስ የለውም፣ ደግሞ የእናት ጀርባ ብቻ ነው የሚችለው የሚል ሕግ የለም። የኔም ጀርባ ይችላል። ሰፈራችን ውስጥ ልጄን አዝዬ ስሄድ የሚስቁብኝ ጎረምሶች አሉ፤ ይሳቁ።

ጥያቄዬ ትልቅ በጀት አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የጤና ክትትል ያገኙ እናቶች 17 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 34 ከፍ ብሏል። ስለዚህ ሁሉንም እናት በመጀመሪያው ሳምንት እናገኛለን ብሎ መጠበቅ ሕልም ነው። ሌላ ቀን ግን አለ። የኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብር የመጀመሪያውን ፔንታ፣ የሳንባ ምችና የሮታ ክትባት የሚሰጠው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ልጁ በለቅሶው ጫፍ ላይ፣ እናቱ በድካሟ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም በራሳቸው እግር ጤና ኬላ ይመጣሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከፊታቸው ተቀምጣለች። እዚያች ወንበር ላይ ሁለት ደቂቃ ይጨመር፤ ማታ ማታ ያለቅሳል ወይ ትበላት፣ ልጁን አውልቃ ትየው፣ ጤነኛ ከሆነ ይህ ከእንግዲህ እየቀነሰ እንደሚሄድ ትንገራት፣ የበላሽው አይደለም ትበላት፣ እንጥሉን እንዳታስነኪ ትበላት። የክትባት ካርዱ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመር፦ ለስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ከአባቱ ጋር ይምጡ። አባትየው ሦስት ቀኑን ከወሊድ ቀን ላይ አንስቶ እዚህ ጋ እንዲያደርገው አዋጁ ቢፈቅድለት እንዴት ጥሩ ነበር። እስከዚያው ግን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቤት ለመግባት አዋጅ አያስፈልግም።